የምክር ዓምድ፦ «ኮሚቴ ግቢ አሉኝ፣ እኔ ግን ነገራቸው አይዋጥልኝም»

ደብዳቤው ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እትዬ እንደምን አሉ። የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ነው፣ አንዲት የሰፈር ፐብ (መጠጥ ቤት) ውስጥ ረዳት ማናጀር ነኝ፣ ሴላሩን፣ ቢራው የሚቀመጥበትን ምድር ቤት፣ የምይዘው እኔ ነኝ። ካስክ ቢራ (እርሾው ሳይሞት በርሜሉ ውስጥ የሚበስለውን) ስለምወድ የካምራ፣ የቢራ ጠጪዎቹ ማህበር፣ አባል ሆንኩ፣ ስብሰባም እሄዳለሁ። አሁን ብራንቹ (የአካባቢያችን ቅርንጫፍ) ኮሚቴ ውስጥ የፐቦችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ጎድሎናል አንቺ ግቢ አሉኝ። ችግሩ ነገራቸው አይዋጥልኝም። ኬግ (በጋዝ ተገፍቶ የሚቀዳው) ሲባል ፊታቸው ይለወጣል፣ ላገር የሚጠጣ ሰው ለነሱ ቢራ የማያውቅ ነው። ዋጋ ትንሽ ስንጨምር ዘረፋ ነው ይላሉ፣ ካርድ አውጥተው ቅናሽ ይጠይቁና ደሞ ፓይንቱ እስከ አፉ አልሞላም ብለው ይመልሱታል። የሰፈር ፐብ ቢዘጋ ግድ የሚላቸውም አይመስለኝም፣ የነሱ ነገር ሃንድፓምፕ (ካስክ የሚሳብበት የእጅ ፓምፕ) ብቻ ነው፣ ከሱ የተቀዳው ካስክ ይሁን ኬግ ለኔ ደንበኛ ምን ልዩነት አለው? አንድ ትልቅ ሰውዬ ደሞ አዲስ በርሜል ከፍቼ ሳቀምሰው 'ሴላሩን የሚሰራው ሰውዬ የታል?' አለኝ፣ እኔ ነኝ ስለው ሳቀ። ባለቤቴ 'በፈረንጅ ቢራ ጭቅጭቅ ምን አገባሽ' ይላል። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ልጄ የቢራ ማህበር ኮሚቴ ሆነች ሲሏት ምን እንደምትል እርስዎ ይገምቱ። ልግባ ወይስ ካርዱን መልሼ ልውጣ? — የሴላሯ»

የሴላሯ እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽና ከዛ እንጨቃጨቃለን። ግቢ። ካርዱንም አትመልሺ። ግን በኬግ ጉዳይ ልትጣያቸው ከሆነ የምትገቢው ይቅርብሽ፣ እሱ ጸብ አርጅቷል፣ ካንቺም በፊት የተጣሉበት ብዙ ናቸው። በደብዳቤሽ መሀል አለፍ ብለሽ የጣልሻት የዋጋ ነገር ናት ዋናዋ፣ እሷን ይዘሽ ነው መግባት ያለብሽ። ደሞ ሁለት ቦታ ላይ ካንቺ ይልቅ እነሱ ልክ ናቸው ብዬ ስለማስብ እሱንም ሳልነግርሽ አላልፍም።

ባለቤትሽን በአጭሩ ልጨርሰው። ምን አገባሽ ላለው፣ የቤት ኪራዩ ግማሽ የሚከፈለው ከዛ ቢራ አይደል እንዴ? ያገባሻል። በቃ።

አሁን ዲሲም ሆናችሁ ቴል አቪቭ ይሄን የምታነቡ «ካምራ ደሞ ምንድነው» እንዳትሉኝ ትንሽ ላስረዳ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ካምራ የብሪታኒያ የቢራ ጠጪዎች ማህበር ነው። የጠማቂዎች ወይ የባለፐቦች አይደለም፣ ከፍለው የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፣ አባሉ ከ100 ሺህ በላይ ነው። የተጀመረው 1971 ላይ ነው፣ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች አየርላንድ ምዕራብ ጫፍ ደንኩዊን የምትባል መንደር ሄደው ክሩገርስ የሚባል ባር ውስጥ ቁጭ ብለው የሀገራቸውን ቢራ ሲያሙ ነው ማህበሩ የተወለደው። እና አዎ ወጣቶች ነበሩ፣ ዛሬ ፂማም ሽማግሌዎች ብለሽ የምትስቂበትን ነገር የጀመሩት ባንቺ እድሜ ያሉ ልጆች ናቸው።

የተናደዱበትም ምክንያት ነበራቸው። ያኔ የሀገሩን ቢራ ስድስት ትልልቅ ኩባንያዎች ተከፋፍለው ይዘውታል፣ ጠማቂዎቹ እነሱ የፐቦቹ ባለቤቶችም እነሱ፣ ፐቡ ውስጥ ምን እንደሚቀዳም የሚወስኑት እነሱ። እነሱ ደሞ የሚቀላቸውን ነው የመረጡት፣ ቢራውን አጣርተው በሙቀት እርሾውን ገድለው ጋዝ ሞልተው በኬግ መላክ፣ ምክንያቱም የትም ቢሄድ አይበላሽም ሴላር የሚያውቅ ሰውም አይፈልግም። ዋትኒስ የሚባለው ከስድስቱ አንዱ የሰው መቀለጃ ሆኖ ነበር። ካምራዎች 1974 ላይ የፐብ መምረጫ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ስለዋትኒስ ቢራ «እንደ ወረርሽኝ ሽሹት» አይነት ነገር ጽፈው አታሚው ደንግጦ እንዲለዝብ አስደረገ፣ ድፍረታቸው እስከዚህ ነበር።

ከዛ ግን ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩበት መስፈርት አስፈለጋቸውና አወጡ። ሪያል ኤል ማለት በሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈላ፣ ከውጭ በገባ ጋዝ ሳይገፋ የሚቀዳ ቢራ ነው አሉ። እርሾው በህይወት አለ፣ አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ በእጅ ፓምፕ ትስቢዋለሽ። ልብ በይ፣ መስፈርቱ ስለጣዕም ምንም አይልም፣ ዕቃውንና አቀዳዱን ነው የሚያየው። 1971 ላይ ይሄ ይሰራ ነበር፣ ምክንያቱም መጥፎው ቢራ በሙሉ ማለት ይቻላል ኬግ ውስጥ ነበር ጥሩው ደሞ ካስክ ውስጥ፣ ስለዚህ በዕቃው ብትለዪውም በጣዕሙ ብትለዪውም ያው ነው።

አሁንስ? 2002 ላይ መንግስት ለትናንሽ ጠማቂዎች የቢራ ቀረጥ ሲቀንስ በየጋራዡ በየመጋዘኑ ጠማቂ ፈላ፣ ከነዛ ውስጥ ብዙዎቹ ያልተጣራ በሙቀትም ያልተገደለ ቢራ ኬግ ውስጥ ያስገቡ ጀመር፣ አንቺ ፐብ ወጣቶቹ የሚጠጡት እሱን ነው። ጭራሽ ኪኬግ የሚባል መጣ፣ ቢራው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ጋዙ ከረጢቱን ከውጭ ይጫነዋል እንጂ ቢራውን አይነካውም፣ ካምራ ራሱ እርሾው በህይወት ካለ ይሄ ሪያል ኤል ነው ብሎ ተቀበለው። እንግዲህ ኬግ ተብሎ ሪያል ኤል ሆነ ማለት ነው፣ ፊታቸው ለሚለወጥብሽ ሰዎች ይሄን ብትነግሪያቸው ግማሾቹ አያውቁትም፣ ራሳቸው የወሰኑትን!

ግን ብቻሽን እንደሆንሽ አታስቢ። 2018 ላይ ኮቨንትሪ በተደረገው ጉባኤያቸው ማህበሩ የሁሉንም አይነት ቢራ ጠጪ ይወክል ወይስ አይወክል ብለው ድምጽ ሰጡ፣ መተዳደሪያ ደንብ ለመቀየር 75 በመቶ ያስፈልግ ነበር፣ የተገኘው 72 በመቶ ገደማ። ለጥቂት ወደቀ። ወደቀ ግን ሀሳቡን ይዞ የመጣው ማን መሰለሽ፣ ሌላው ቀርቶ ያንን የለውጥ ጥናት የመራው ከመስራቾቹ ከአራቱ አንዱ ነው። ሰው «ካምራ ኬግ ይጠላል» ሲል እኔ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፣ ድምጽ ከሰጡት ከአራቱ ሶስቱ ሊሆኑ ምንም ያልቀራቸው በሩ ይከፈት ብለዋል። የከለከለው ቁጥሩ ነው። አንቺ ጋ ስብሰባ ላይ የሚጮኹት አምስት ስድስት ሰዎች የማህበሩን ሀሳብ የሚናገሩ ይመስልሻል፣ እነሱ ስብሰባ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ በቃ ያ ነው ልዩነቱ።

ለዚህ ነው በኬግ አትጣሊ የምልሽ። የተሸነፈው ሀሳብ ራሱ አብላጫ ነበረው፣ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ወደ ዋናው እንምጣ።

አንቺ ይሄን ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ ግን ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለሽ በቁጥር ነግረሻቸው እንደማታውቂ እርግጠኛ ነኝ። የተለመደው የካስክ በርሜል 9 ጋሎን ነው፣ 72 ፓይንት፣ ወደ 41 ሊትር። አተላው ከታች ስለሚቀር 72ቱም አይሸጥም፣ ይሁን እሱን እንተወው። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተና አየር ከገባው ሶስት ቀን ገደማ ነው ያለሽ፣ ከዛ በኋላ ይሞታል፣ ቀስ እያለ ይኮመጥጣል። 72 ለ 3 ስታካፍይው በቀን 24 ፓይንት ነው፣ ካንድ ፓምፕ። ማክሰኞ ማታ ዝናብ እየዘነበ የሰፈር ፐብ ውስጥ ካንድ ፓምፕ 24 ፓይንት? እስቲ ራሳቸው ቆመው ይሽጡት። አሁን ያንን በስድስት ፓምፕ አባዢው፣ ምክንያቱም እነዛው ሰዎች ምርጫ ሲያንስ «ሁለት ካስክ ብቻ?» ብለው ፊት የሚያጠቁሩ ናቸው። ስለዚህ ባለፐቡ እነሱን ለማስደሰት ስድስት ይከፍታል፣ አራቱ ይሞታሉ፣ የሞተውን የሚቀምሰው ደሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ካስክ ልሞክር ብሎ የመጣ ልጅ ነው፣ ያ ልጅ ሁለተኛ አይነካውም። እኔ በበኩሌ ለንደን ባር ጀርባ በቆምኩበት ዘመን ሰው ላገር እንዲለምድ ያደረገው የላገር ማስታወቂያ ሳይሆን የኮመጠጠ ካስክ ነው ባይ ነኝ፣ አሁንም እንደዛ ነው የማስበው።

ለዚህ መፍትሄ የሚሆን ቀላል ዕቃ አለ፣ ካስክ ብሪዘር ይሉታል፣ ከበርሜሉ ቢራ በወጣ ቁጥር በአየር ፈንታ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ግፊት እያስገባ ቢራውን ተጨማሪ ቀናት ያቆየዋል። ካምራ ይሄን ለብዙ ዓመታት ሲቃወም ኖሮ 2018 ላይ ነው አንቃወምም አንደግፍምም ያለው። አየሽ ያኔም ጥያቄው ጋዝ ነካው ወይስ አልነካውም ነበር፣ ጠጪው ጥሩ ቢራ አገኘ ወይ የሚለው ኋላ ነው የመጣው። ቅሬታሽ ውስጥ ትክክለኛዋ ይቺ ናት። ኬግ መጥላታቸውን ተዪው፣ ካስኩንም ቢሆን ከጠጪው ይልቅ በመመሪያው በኩል ነው ሲያዩት የኖሩት።

እና ዋጋ። ካስክ ባሩ ላይ ካሉት ሁሉ ብዙ ሙያ የሚበላው ነው። ሲመጣ አስቀምጠሽ ታሳርፊዋለሽ፣ ለስላሳ እንጨት ሰክተሽ ታስተነፍሺዋለሽ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ትጠብቂያለሽ፣ ሴላሩን ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ትይዣለሽ፣ ቢራው የሚያልፍበትን ቱቦ ታጥቢያለሽ፣ በየቀኑ ትቀምሺያለሽ፣ ያልተሸጠውን ትደፊያለሽ። ኬጉን ግን ትገጥሚዋለሽ ትከፍቺዋለሽ፣ ለሳምንታት ይቀመጥልሻል። ታዲያ ብዙ ፐብ ብትሄጂ ዋጋው ዝቅ ያለው የቱ ነው? ካስኩ! ይሄ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፣ ካስክ ጠጪ ርካሽ እንዲሆን ስለሚጠብቅና ስለሚያኮርፍ ባለፐቡ ይፈራል። የኬግ ጠጪ ግን ለአዲስ ነገር ይከፍላል አይጨቃጨቅም።

በዛ ላይ የአባልነት ቅናሹ አለ። ካርድ ሲያሳዩ ካስክ ላይ የሚቀንሱ ፐቦች ብዙ ናቸው። ያንን ቅናሽ ካምራ አይከፍለውም፣ ባለፐቡ ነው ከትርፉ የሚቆርጠው፣ የሚቆርጠውም ትርፉ ከሁሉም የሳሳው ቢራ ላይ ነው። ከዛ የሂሳብ መዝገቡን ሲያይ ካስክ ደክሞበት የሚያከስረው ነገር ይሆንበታል፣ ስድስቱ ፓምፕ ሶስት ይሆናል፣ ሶስቱ አንድ፣ ከዛ ብራንቹ ተሰብስቦ «ካስክ እየጠፋ ነው» ብሎ ያዝናል። ማን አጠፋው? እነሱ ብቻ ናቸው አልልም ግን እጃቸው አለበት። ከሁሉም ምርጥ ተደርጎ ይያዝ ከሁሉም በታች ይሸጥ ማለት አይሆንም፣ አንዱን መምረጥ ነው። እኔ ካምራ ላይ ያለኝ ቅሬታ በሙሉ እዚህ ነው ያለው፣ ቀሪው ለኔ ቀላል ነው።

እነሱንም ልረዳላቸው እሞክራለሁ፣ አትሳቂ። የጠጪዎች ማህበር ነው፣ የጠጪ ማህበር ዋጋ ላይ ካልጮኸ ምን ሊሰራ ነው? ብራንች ስብሰባ የሚመጣው ሰው ደሞ አብዛኛው ጡረተኛ ነው፣ ገቢው የተወሰነ ነው፣ ፓይንት በሳንቲም ይገዛ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። ያ ሰው ቅናሽ መጠየቁ ክፋት አይደለም። ጥፋቱ ንዴቱ የተሳሳተ ሰው ላይ ማረፉ ነው። ከዛ ፓይንት ላይ ቫት 20 በመቶ ይሄዳል፣ የቢራ ቀረጥ ይሄዳል፣ መብራትና ጋዝ አለ፣ ፐቡ የኩባንያ ከሆነ ኪራይ አለ፣ ያውም ቢራውን ከዛው ኩባንያ በውድ ዋጋ ግዛ ተብሎ የታሰረ ባለፐብ ከሆነ ምን ይቀረዋል? ባር ጀርባ የቆመችውን ሴት ሌባ ማለት ቀላል ነው፣ ፊት ለፊት ስላለች።

አሁን አንቺ ወደተሳሳትሽበት። «የሰፈር ፐብ ቢዘጋ ግድ አይላቸውም» ብለሻል። እህቴ በዚህ ተይኝ። እንግሊዝ ውስጥ ድሮ አንድ ሰው ፐብ ገዝቶ ፈቃድ ሳይጠይቅ አፍርሶት ወይ ሱቅ አድርጎት ቁጭ ይል ነበር፣ 2017 ግንቦት አካባቢ ህጉ ተቀይሮ የፕላን ፈቃድ ግዴታ ሆነ፣ ለዛ ዓመታት የጮኹት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያ ፈቃድ ሲጠየቅ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ተቃውሞ የሚጽፈው ማን ይመስልሻል? የብራንቹ የፐብ ጉዳይ ተከታታይ፣ ማለትም ላንቺ የሰጡሽ ወንበር። 2016 ላይ በስራ ላይ የዋለው የፐብ ህግም አለ፣ 500ና ከዛ በላይ የታሰሩ ፐቦች ያሏቸውን ትልልቅ ኩባንያዎች የሚቆጣጠር፣ ባለፐቡ በተወሰነ ሁኔታ ከቢራ እስሩ ወጥቶ የገበያ ኪራይ ብቻ ልክፈል እንዲል መብት የሰጠው፣ እሱም ላይ ገፍተዋል።

እንደውም አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። መንግስት በድራፍት ለሚሸጥ ቢራ ቀረጥ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ ዕቃው 40 ሊትርና ከዛ በላይ መሆን አለበት ብሎ ነበር። ካስኩ 41 ሊትር ገደማ ስለሆነ ያልፋል፣ ትናንሾቹ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት 30 ሊትር ኬግ ግን ይወድቃል። ካምራ ለካስክ ብቻ የሚያስብ ቢሆን ዝም ይል ነበር አይደል? ዝም አላለም፣ ከትናንሽ ጠማቂዎች ጋር ሆኖ ተከራከረ፣ ልኩ ወደ 20 ሊትር ወረደ፣ ነሐሴ 2023 በስራ ላይ ሲውል ያንቺ ደንበኞች የሚጠጡት ኬግም ተጠቀመ። ይሄን የሰሩት ኬግ ሲባል ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች ማህበር ናቸው እንግዲህ።

ሁለተኛው የሃንድፓምፑ ነገር ነው፣ ለደንበኛዬ ምን ልዩነት አለው ያልሽው። 2024 ላይ ካርልስበርግ ማርስተንስ «ፍሬሽ ኤል» ብሎ ኬግ ውስጥ ያለ ቢራ በሃንድፓምፕ እንዲቀዳ አድርጎ አመጣ፣ ካምራ ደሞ ይሄ ሸማች ማታለል ነው ብሎ ለንግድ ተቆጣጣሪዎች አቤት አለ። እዚህ ላይ እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። ቢራው ይጣፍጥ ይሆናል፣ ባለፐቡም ሳይበላሽበት ይሸጠው ይሆናል፣ ግን እንግሊዝ ውስጥ ያ እጀታ ሲታይ ሰው ካስክ ነው ብሎ ነው የሚያዘው፣ ካልሆነ ጽፈሽ ለጥፊ። አንቺ ሴላር ወርደሽ በየቀኑ የምትለፊበትን ስራ ሌላው እጀታውን ብቻ ተውሶ ሲሸጠው ምን ልዩነት አለው ትያለሽ እንዴ?

ስለ ፓይንት አሞላሉ አጭር ነው። 568 ሚሊ የከፈለ ሰው 568 ሚሊ ይገባዋል፣ የሀገሩ ልማድ ደሞ አረፋውን ጨምሮ ስለሚቆጥርና 95 በመቶ ፈሳሽ ከሆነ ይበቃል ስለሚል ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው፣ ሰሜን ሆነሽ ደሞ አረፋ የማይወድ ደንበኛ የለሽም። ከፓይንት ተለቅ ያለ፣ የፓይንቱ ልክ በመስመር የተሰመረበት ብርጭቆ ግዙ በያቸው አለቆችሽን። ይመልሱት፣ ሙዪላቸው፣ ፈገግ በይ፣ ለዚህ ጉልበት አታባክኚ።

ወደ ሰውየው። «ሴላሩን የሚሰራው ሰውዬ የታል»። እሱን እንደቀልድ አልፈሽዋል፣ እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም የቆየብኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ኮሚቴ ስትገቢ ከዚህ አይነቱ ጋር በወር አንዴ ትቀመጫለሽ። ማህበሩ እንደ ማህበር ነገሩን ያውቀዋል፣ 2019 ላይ በትልቁ ፌስቲቫላቸው ሴት የሚያዋርድ ስምና ስዕል ያለው ቢራ እንዳይቀርብ ከልክለዋል፣ ያኔም የሚያጉረመርም አልጠፋም። ፌስቲቫል ላይ ስም መከልከል ግን አንድ ነገር ነው፣ ያ ሰውዬ ሲስቅ አጠገቡ የነበሩት ምን አሉ የሚለው ሌላ። ከመግባትሽ በፊት ሊቀመንበሩን ለብቻው ያዢውና የሆነውን ንገሪው፣ ስም ጠርተሽ ክሰሺ አላልኩም፣ ተናገሪና ፊቱን እዪ። «እሱ እንኳን ቀልዱ ነው፣ ክፉ አይደለም» ካለሽ አትግቢ፣ ምክሬን እዚህ ጋ እሰርዘዋለሁ፣ ካርድሽን ይዘሽ ተራ አባል ሁኚ። «ይቅርታ፣ አናግረዋለሁ» ካለሽ ግቢ።

ለምን ግቢ እንደምልሽ ደሞ ይገባሽ። እድር ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ አይቸገርም፣ ዳር ቆሞ የሚያማው ብዙ ነው፣ ድንኳን የሚሸከመው ጥቂት ነው፣ ውሳኔው ግን የሚሸከሙት ነው። ካምራም በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚሄደው። የፐብ መምረጫው መጽሐፍ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 4,500 ፐብ ይገባል፣ የቱ ይግባ የሚለውን የሚወስነው ለንደን ያለ ባለሙያ አይደለም፣ የየብራንቹ ሰው ነው፣ አባሎች በየፐቡ የጠጡትን ከ0 እስከ 5 ነጥብ እየሰጡ። አሁን አስቢው፣ ሁለት ፓምፕ ብቻ ይዞ ሁለቱንም ንጹህ አድርጎ የሚያቀርብ ፐብ አለ፣ ስምንት ፓምፕ ይዞ አምስቱ የሞቱበት አለ። ያ ክፍል ውስጥ ሴላር የሚያውቅ ሰው ከሌለ ስምንቱ ያሸንፋል። አንቺ ካለሽ ላያሸንፍ ይችላል። ይሄ ነው ስራሽ፣ ከዚህ የበለጠ ምንም ልታመጪ አትችዪም፣ ይሄም ትንሽ አይደለም።

ግን ተጠንቀቂ፣ አንቺ ፐብ ሰራተኛ ነሽ። ለራስሽ ፐብ ነጥብ አትስጪ፣ የራስሽ ፐብ ሲነሳ ክፍሉን ለቀሽ ውጪ፣ ውጪ ሲሉሽ ሳይሆን ገና ሳይሉሽ። ለአለቃሽም አሁኑኑ ንገሪው፣ ኋላ ሌላ ባለፐብ «የተፎካካሪዬ ሰራተኛ ነጥብ ሰጠችኝ» ብሎ ሲመጣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ይኑርሽ። ዋጋ ላይ ስትናገሪም «ለደሞዟ ነው» ይሉሻል፣ ይበሉ፣ ሂሳቡን አሳዪያቸው፣ 72ቱን ፓይንት፣ የተደፋውን፣ ቀረጡን፣ ለዚህ ነው በቁጥር ተናገሪ ያልኩሽ።

መጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። ቅናሽ ይቅር አትበያቸው፣ በነገታው ያባርሩሻል። ብራንቹ ፐብ ሲጎበኝ፣ አውቶቡስ ተከራይተው በቡድን ሲሄዱ ማለቴ ነው፣ ያን ቀን ካርድ አይወጣም፣ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል ብለው ይወስኑ። ትንሽ ናት፣ ማንም አይጎዳባትም፣ ክርክሩ ግን በሷ ይከፈታል፣ ማን ምን እንደሚያስብም ታውቂበታለሽ። ብራንቹ ከተስማማ ቀጣዩ ዓመት ሞሽን (የውሳኔ ሀሳብ) አድርጋችሁ ለሀገር አቀፉ ጉባኤ ታቀርባላችሁ፣ ማንኛውም አባል ማቅረብ ይችላል፣ 2018ም እንዲሁ ነው ካስክ ብሪዘሩ የተነሳው።

ቀረችን እናትሽ። ካስክ እንዲጠራ ብዙ ጠማቂ የሚጨምርበት ከአሳ ፊኛ የሚወጣ ነገር እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እሱን በጾም ወቅት እንዳትነግሪያት፣ አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ጭቅጭቅ ተጨምሮበት ስልኩ አይዘጋም። ቢራ የሚለውንም ቃል አታንሺ። የሸማቾች ማህበር ኮሚቴ ገባሁ በያት፣ ውሸት የለበትም፣ ደስ ይላታል፣ ለጎረቤትም ታወራለች። ዘይትና ስኳር በስንት ነው የሚያከፋፍሉት ብላ ከጠየቀችሽ ግን እዛ ላይ እኔ የለሁበትም።